ክሽክሹ ለምን አልሞተም?

የዛሬው የእርሻ ዝግጅታችን ስለ ስንዴ ክሽክሽ ነው። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላሳስብ፦ ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ርዕሱን ያመጣልን በካርቱም ከሐጅ ዩሱፍ ከአንዲት እህታችን የደረሰን ጥያቄ ነው። እንዲህ ይላሉ፦ «ባለቤቴ ጀዚራ ውስጥ ከአንድ ሱዳናዊ ጋር ስንዴ በእኩል ያለማል። ስንዴው ሊያሸት ሲል ክሽክሽ ገባበት። አንዴ ረጩት፣ ቀነሰ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰ። ሁለተኛ ረጩ። በሦስተኛው ግን ምንም አላለውም። መድኃኒቱ የውሸት ነው ወይስ ተባዩ ለምዶት ነው?»

እህታችን፣ ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ከሁለቱ ውጭ የሆነ ምክንያትም ሊኖር ይችላል። ለይቶ ማወቁ ገንዘብም ጤናም ስለሚያድን ዛሬ ረጋ ብለን እናየዋለን።

«እኛ ከተሜዎች ነን፣ የስንዴ ተባይ ምን አገባን?» የሚል አድማጭ ካለ፣ በሱቅ ሲታ ገበያ ሻይና ቡና የምታፈላ እህቱን ይጠይቅ። የዳቦ ዋጋ ሲጨምር ቀኑ እንዴት እንደሚከብድ ትነግረዋለች። በዲሴምበር 2018 ከአትባራ ተነሥቶ መላ ሱዳንን ያዳረሰው ተቃውሞ የተለኮሰው የአንድ ዳቦ ዋጋ ከአንድ ፓውንድ ወደ ሦስት በመውጣቱ ነበር። ሱዳን ከምትበላው ስንዴ አብዛኛውን የምታስገባው ከውጭ ነው፤ ስለዚህ ጀዚራ ላይ በተባይ የሚጠፋው እህል በሌላ መንገድ ሐጅ ዩሱፍ ጓዳ ይደርሳል።

እንግዲህ ክሽክሽ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው? ርዝመቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ሰውነቱ ለስላሳ፣ ሲጨምቁት እርጥብ የሆነ ነፍሳት ነው። እንደ አንበጣ ቅጠል አይቆርጥም። መርፌ በመሰለ አፉ እስከ ተክሉ ሥር ድረስ የሚወርደውን ምግብ ከመንገድ ይመጥጣል። የመጠጠው ስኳር ስለሚተርፈው በኋላው በኩል ያንጠባጥበዋል፤ በክሽክሽ የተወረረ ማሳ ውስጥ ስንገባ ልብሳችን የሚጣበቀው ለዚህ ነው። በዚያ ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ ጥቁር ሻጋታ ይበቅልና ቅጠሉን ከፀሐይ ይጋርደዋል። አንዳንዱ የክሽክሽ ዓይነት ምራቁ መርዝ ስለሆነ የነካው ቅጠል መጀመሪያ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ቀጥሎ ቢጫ ይሆናል፣ በመጨረሻም ይደርቃል። ሌላው ደግሞ ቢጫ አቀንጫሪ የሚባለውን የገብስና የስንዴ ቫይረስ ከተክል ወደ ተክል ያዛምታል።

ከሁሉ በላይ ልብ ማለት ያለብን ግን አወላለዱን ነው። በሞቃት አገሮች ማሳ ላይ የምናየው ክሽክሽ ሁሉ ማለት ይቻላል ሴት ነው። ወንድ አያስፈልጋትም። እንቁላልም አትጥልም፤ ልጆችዋን በሕይወት ትወልዳለች። የምትወለደው ልጅ ደግሞ ገና ስትወለድ የራስዋን ልጆች ፅንስ በሆድዋ ይዛ ነው። አየሩ ከተስማማት በአንድ ሳምንት ገደማ መውለድ ትጀምራለች። አንዷ 40 ልጆች ብትወልድና ሁሉም ቢያድጉ፣ የልጅ ልጆቹ 1,600፣ የእነሱ ልጆች ደግሞ 64,000 ይሆናሉ። ማሳው ሲጨናነቅ ክንፍ ያላቸው ይወለዱና በነፋስ ወደ ሌላ ማሳ ይሻገራሉ።

አወላለዱን ይህን ያህል የተናገርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅቱ የእናትዋ ሙሉ ግልባጭ ናት። እናቲቱ መድኃኒት የሚቋቋም ተፈጥሮ ካላት፣ ልጆችዋ በሙሉ ያንኑ ይዘው ይወለዳሉ። ከሌላ ጋር ተዳቅሎ የሚሳሳ ነገር የለም።

አሁን ወደ እህታችን ጥያቄ እንመለስ። ብዙ ገበሬ «ተባዩ መድኃኒቱን ለመደው» ይላል፤ አንዱ ክሽክሽ ትንሽ ትንሽ እየቀመሰ የጠነከረ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ከመርጨታችን በፊት ማሳው ላይ ከነበሩት አሥር ሺህ ክሽክሾች መካከል ጥቂቶቹ ከተፈጥሮአቸው መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ነበሩ። መርጨት እንደ ወንፊት ነው፤ ደካማው ያልፋል፣ ብርቱው ይቀራል። አሥር ሺህ ከነበሩት 9,990ው ቢሞቱ ገበሬው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል። የቀሩት አሥሩ ግን እያንዳንዳቸው 40 ቢወልዱ 400፣ እነዚያም ሲወልዱ 16,000 ይሆናሉ። እነዚህ ሁሉ የብርቱዎቹ ልጆች ናቸው። በዚያው መድኃኒት እንደገና ብንረጭ የምንገድለው ጥቂት ነው። ሦስተኛው ርጭት የማይሠራው የመጀመሪያውና ሁለተኛው ሥራቸውን ስለሠሩ ነው።

እንዴት ይቋቋማሉ ቢባል፣ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንዳንዱ ክሽክሽ በሰውነቱ ውስጥ መርዙን የሚሰባብር ንጥረ ነገር በብዛት ያመርታል፤ መርዙ ነርቩ ጋ ሳይደርስ ይፈርሳል። በሌላው ላይ ደግሞ መርዙ የሚያርፍበት የነርቭ ክፍል ቅርጹ በጥቂቱ ስለተለወጠ መርዙ አይዘውም። በአሜሪካ ቴክሳስ በ1970ዎቹ አጋማሽ ማሽላን የሚያጠቃው አረንጓዴው የስንዴ ክሽክሽ ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉትን መድኃኒቶች መቋቋም የጀመረው በመጀመሪያው መንገድ ነበር። በእንግሊዝ አገር በ2011 የእህል ክሽክሽ ፓይሬትሮይድ የሚባሉትን መድኃኒቶች ሲቋቋም የተገኘው በሁለተኛው መንገድ ነው።

ያ አረንጓዴ ክሽክሽ የቴክሳስ ብቻ አይደለም። በሱዳን ስንዴ ላይ ዋነኞቹ ሁለቱ እሱና የበቆሎ ቅጠል ክሽክሽ የሚባለው ናቸው። ሁለቱም ማሽላ ይወዳሉ። ጀዚራ ላይ ክረምቱን ማሽላ፣ በቅዝቃዜው ወቅት ስንዴ ይዘራል፤ ማሽላው ሳይጠናቀቅ ስንዴው ይበቅላል። በቦይ ዳር ሣርና ወፍ ዘራሽም አይጠፋም። ክሽክሹ ዓመቱን ሙሉ ማዕድ አያጣም ማለት ነው።

ስለ መድኃኒት መቋቋም ለመማር ጀዚራን ያህል ትልቅ ትምህርት ቤት በዚህ አካባቢ የለም። በስንዴው ብቻ አታስቡት፤ ከጥጡ እንጀምር። የጀዚራ እርሻ በሰናር ግድብ በ1925 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የጥጥ አገር ነበር። ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ መድኃኒት በ1940ዎቹ አጋማሽ ገባ። መጀመሪያ ላይ በአንድ የምርት ዘመን አንድ ጊዜ መርጨት ይበቃ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ግን ስምንትና ዘጠኝ ጊዜ በአውሮፕላን ይረጭ ጀመር። ለምን? ዋናው ተባይ ሌላ የነበረ ሲሆን፣ የመድኃኒቱ ብዛት የነጭ ዝንብን ጠላቶች ጨረሰ። ነጭ ዝንቡ ራሱ መድኃኒቱን ተቋቋመ። ቀድሞ ከቁጥር የማይገባ የነበረው ተባይ ዋናው ተባይ ሆነ። እሱም እንደ ክሽክሽ ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚያንጠባጥብ ጥጡ ተጣባቂ ሆነና በፋብሪካ ማሽን ላይ አስቸገረ፤ ገዢዎችም ሸሹ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዲዲቲ ከጥጡ ታገደ። በ1992 ደግሞ በጀዚራ የጥጥ ክሽክሽ ላይ መድኃኒት መቋቋም እንዳለ የሚያሳይ ጥናት ታተመ።

ከ1979 ጀምሮ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከሱዳን ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ሌላ መንገድ ሞከረ። መቼ መርጨት እንዳለበት የሚወስነውን የተባይ ቁጥር ከፍ አደረጉ፤ የተባዩን ጠላቶች የሚያድን አሠራር አመጡ። በሙከራ ማሳዎች ላይ የርጭቱ ቁጥር ቀነሰ። ብዙ ገንዘብ ለማይረባ መርዝ ሲወጣ ኖሮ፣ ጥቂት በመርጨት ምርት ሊገኝ እንደሚችል በዓይን ታየ። ይህን ታሪክ ሁልጊዜ አነሣዋለሁ፤ ምክንያቱም የስንዴ ማሳው ከዚያ ከጥጥ ማሳ አጠገብ ነው፣ መርጫውም አንድ ነው፣ ከሱቅ የሚገዛው ጠርሙስም ብዙ ጊዜ አንድ ነው።

«እንግዲህ መድኃኒት ትተን የሚቋቋም ዘር እንዝራ» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ግን እዚያም ክሽክሽ ይከተለናል። የሩሲያ ስንዴ ክሽክሽ የሚባለውን እንውሰድ። ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1972 በትግራይ በአጽቢ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ወደ ወሎና ወደ ሸዋ ወረደ። ዝናብ ባጠረበት ዓመት የገብሱን ቅጠል ነጭና ሐምራዊ መስመር አውጥቶ ይጠቀልለዋል። በገብስ ላይ ከ41 እስከ 79 በመቶ የምርት ጉዳት ያደረሰበት ሁኔታ ተመዝግቧል። ይህ ክሽክሽ ሌላ ብልሃት አለው፦ በተጠቀለለው ቅጠል ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ከላይ የሚረጨው፣ ሲነካ ብቻ የሚገድለው መድኃኒት አያገኘውም። ገበሬው «ተቋቋመኝ» ይላል፤ ተባዩ ግን ገና አልተነካም።

ይኸው ክሽክሽ በ1978 ደቡብ አፍሪካ፣ በ1986 አሜሪካ ገባ። ሳይንቲስቶች የሚቋቋም ዘር ፈልገው አገኙ። ደቡብ አፍሪካ በ1992 «ቱገላ ዲኤን» የተባለ ስንዴ አወጣች፤ በኮሎራዶ ደግሞ በ1994 «ሃልት» የተባለው ወጣ። ጥሩ ዘሮች ነበሩ፤ ለዓመታትም ሠሩ። ከዚያ በ2003 በኮሎራዶ፣ በ2005 በደቡብ አፍሪካ፣ የሚቋቋመውን ዘር የሚበላ አዲስ የክሽክሽ ዓይነት ተገኘ። የተከሰተው ከመድኃኒቱ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው። ሰፊ መሬት ላይ አንድ ዓይነት መከላከያ ብቻ ሲቆም፣ ያን የሚያልፍ ክሽክሽ ሁሉ ያለ ተወዳዳሪ ይራባል። በእኔ አስተያየት አንዱን ዘር ወይም አንዱን ጠርሙስ «መፍትሔው ይኸው» ብሎ ለገበሬ መስጠት ትልቁ ስሕተት ነው፤ ባለሙያም ነጋዴም ሊያቆሙት ይገባል።

አገር ቤት ላላችሁም አንድ ቃል። በአዋሽ ሸለቆና በሌሎችም ቆላዎች በበጋ በመስኖ ስንዴ ማልማት ከተስፋፋ ወዲህ ስንዴ በማሳ ላይ የማይታይበት ወር እየጠፋ ነው። ለዳቦ መልካም ነው፤ ለክሽክሽም ይመቸዋል። ጀዚራ በማሽላና በስንዴ ያየችውን እኛ በመኸርና በበጋ ስንዴ እንዳናየው ከአሁኑ መዘጋጀት አለብን።

እሺ፣ እህታችን፤ ማሳው ላይ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ፣ መድኃኒቱ ያልሠራው በእውነት ክሽክሹ ስለተቋቋመ መሆኑን እናጣራ። ጠርሙሱ የታሸገ ነበር? ጊዜው አላለፈም? ከመጠኑ ቀንሰን አልበጠበጥንም? በእኩለ ቀን ፀሐይና በነፋስ አልረጨንም? የረጨንበት ውሃ ምን ዓይነት ነው? ዲሜቶይትና መሰሎቹ አልካሊ በሆነ ውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚፈርሱ በጥብጦ አሳድሮ መርጨት መድኃኒቱን ማጥፋት ነው። እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው፣ በአንዱ ማሳ ላይ ሌላው ተባይ ሁሉ ሞቶ ክሽክሹ ብቻ ከቀረ፣ ያኔ መቋቋም ነው ብለን እንጠርጥር።

ሁለተኛ፣ ከመርጨት በፊት ማሳው ውስጥ በጠዋት እንግባ። ከዳር ብቻ አይደለም፤ እየተጠማዘዝን በመካከሉ እንለፍ። ቅጠሉን ገልብጠን እንይ፣ የተጠቀለለውን እንክፈት። ከክሽክሹ ጋር ማን እንዳለ እናስተውል። በቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ጥንዚዛ ወዳጃችን ናት። እጭዋ ደግሞ ጥቁርና ረጅም፣ ሲያዩት የሚያስጠላ ስለሆነ ብዙ ሰው ተባይ መስሎት ይገድለዋል፤ እሱም እንደ እናቱ ክሽክሽ በላ ነው። ስስ አረንጓዴ ክንፍ ያላት፣ ዓይንዋ የሚያበራ ነፍሳትም አለች። ንብ የምትመስል፣ አየር ላይ ቀጥ ብላ የምትቆም ዝንብም አለች፤ የእርስዋም እጭ ክሽክሽ በላ ነው። ክሽክሾች መካከል አብጠው፣ ወርቃማ ወይም ቡናማ ሆነው፣ ቅጠሉ ላይ ተጣብቀው የደረቁ ካየን፣ በውስጣቸው የጥገኛ ተርብ ልጅ እያደገ ነው። እነዚህ በበዙበት ማሳ ላይ ሦስት አራት ቀን ታግሦ እንደገና ማየት ከመርጨት ይሻላል። ከረጨን የክሽክሹ ጠላቶች ቀድመው ይሞታሉ፤ የሚመለሱትም ከክሽክሹ ዘግይተው ነው።

ሦስተኛ፣ ክሽክሽ ብዙ ጊዜ ከማሳው ዳር ወይም ከአንድ ጥግ ስለሚጀምር፣ ቶሎ ከደረስንበት ያን ቦታ ብቻ መርጨት ይቻላል። ያልተረጨው የማሳ ክፍል ለጥንዚዛዎቹ መጠጊያ ይሆናል። ያልተቋቋሙት ክሽክሾችም እዚያ ይቀራሉ፤ ይህ ራሱ ብርቱዎቹ ብቻቸውን እንዳይነግሡ ያደርጋል።

አራተኛው ትንሽ ትኩረት ይፈልጋል። መድኃኒት መቀያየር ያስፈልጋል ሲባል ብዙ ሰው የጠርሙሱን ስም ይቀይራል። ማላታይን ረጭቶ ዲሜቶይት ቢያስከትል፣ ስሙ ተለየ እንጂ ሁለቱም ነርቭን የሚመቱት በአንድ መንገድ ነው። በብዙ ጠርሙሶች ላይ የመድኃኒቱን ቡድን የሚያሳይ ቁጥርና ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ማላታይንና ዲሜቶይት 1ቢ ናቸው። ካራቴና መሰሎቹ 3ኤ ናቸው። በሱዳን ስንዴ ዘር የሚታከምበት ጋውቾ 4ኤ ነው። መቀየር ማለት ቡድኑን መቀየር ነው። ዘሩ በ4ኤ ታክሞ ከተዘራ፣ በዚያው ወቅት ቅጠሉ ላይ 4ኤ አይረጭም። ሁለት መድኃኒት በአንድ መርጫ ቀላቅሎ መርጨትም አይመከርም፤ ለሁለቱም የሚቋቋም ክሽክሽ ያፈራልና። ሲረጩም ጓንት፣ ረጅም እጅጌና የአፍንጫ መሸፈኛ አይለይ። ባዶውን ጠርሙስ ማንም ውሃ አይቅዳበት፤ በብዙ ቤት የልጅ ሕይወት የጠፋው በዚህ ነው።

ከመድኃኒት ውጭ ያለውም ቀላል አይደለም። በጀዚራ በኅዳር መጀመሪያ የተዘራ ስንዴ ክሽክሹ በሚበዛበት በጥርና በየካቲት ጠንክሮ ስለሚገኝ፣ ዘግይቶ ከተዘራው ይልቅ ይችላል። ዩሪያ ሲበዛ ቅጠሉ ይለመልማል፤ ክሽክሹም ይበዛል። ከስንዴው በፊት ወፍ ዘራሹንና በቦይ ዳር ያለውን ሣር ማጽዳት የክሽክሹን መሸጋገሪያ ይቆርጣል።

ስለ ዘር አንድ ደስ የሚል ነገር ልናገር፤ ኢትዮጵያውያን ሊኮሩበት ይገባልና። በዓለም ላይ ገብስን ከክሽክሽ ወለዱ ቢጫ አቀንጫሪ ቫይረስ የጠበቀው ዋይዲ2 የተባለው ዘረመል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ከአባቶቻችን ጎተራ ወጥቶ በካሊፎርኒያና በሌሎችም አገሮች ገብስ ውስጥ ገብቷል። እንዲህ ያለውን ሀብት የሚያኖረው የሱዳን የዘር ባንክ በወድ መደኒ ነበር፤ ከተማዋ በሱዳኑ ጦርነት በዲሴምበር 2023 በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ከገባች በኋላ ተዘረፈ። ከተጠበቀው ዘር የተወሰነው ቅጂው አስቀድሞ ወደ ኖርዌይ ወደ ስቫልባርድ የዘር ማከማቻ ተልኮ ስለነበር ሁሉም አልጠፋም። ገበሬዎችም በየቤታቸው ያስቀመጡት የቆየ ዘር ካለ በአዲሱ ከመለወጣቸው በፊት ትንሽ ያቆዩልን።

እህታችን፣ ለባለቤትዎ አንድ የደብተር ወረቀት ይስጡልን። የዘሩበትን ቀን፣ ዘሩ በምን እንደታከመ፣ የረጩበትን ቀን፣ የጠርሙሱን ቡድን ቁጥር፣ በሦስተኛው ቀን ማሳው ላይ ስንት ክሽክሽ እንደቀረና ስንት ጥንዚዛ እንዳዩ ይጻፉበት። አጠገባቸው ያሉት ማሳ ባለቤቶችም እንዲሁ ያድርጉ፤ ክሽክሽ የማሳ ድንበር ስለማያውቅ አንዱ ቡድኑን ቀይሮ ሌላው ባይቀይር ዋጋ የለውም። ወረቀቱን በሚቀጥለው ዘር ወቅት ወደ ግብርና ባለሙያው ይዘው ይሂዱ።